ፊቱ ፅጌ፣ ጀርባው ዝምታ

ጌታሁን የሞተው የግራ አውራ ጣቱን በምራቁ አርሶ ነው። የወደቀው ኮልፌ፣ ከእናቱ ቤት ጀርባ ባለችው የመቅጃ ክፍል ውስጥ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነበር። በጀርባው ተንጋሏል። ቀኝ እጁ አንድ የመዳብ ሽቦ ጨብጧል፤ የግራ አውራ ጣቱ ጫፍ ከሰል መስሏል። ደረቱና አንገቱ ላይ፣ አፉ ዙሪያ ሳይቀር፣ ቀይ አፈር ተከምሮበታል።

ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነበር። ሬዲዮ እየጠገነ ይኖራል፤ በተረፈው ጊዜ አብረውት የሚጸልዩትን ሰዎች መዝሙር በቴፕ ይቀዳል። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ መዝሙሩ ከቤት ወደ ቤት የሚዞረው በቴፕ ክር ነው። ጊዜው 1965 ዓ.ም. ነው፤ ጴንጤ መሆን ራሱ የሚያስጠይቅበት ዘመን።

ለምርመራ የመጣው ሻምበል ገመቹ ነው። ኮሪያ ሲዘምት የሬዲዮ መገናኛ ሠራተኛ ነበር፤ ቀኝ ጆሮውን እዚያው ጥሎት ተመለሰ። በቀረችው ግራ ጆሮው የሚሰማውን ግን ሁለት ጆሮ ያላቸው ሰዎች አይሰሙትም። ደግ ሰው አይደለም። በመጣበት ፖሊስ ጣቢያ ደግ ሰው ፈልጎ ያገኘም የለም።

ሃምሳ አለቃ ዱባለ ወረቀቱን ጽፎ ጨርሶ በር ላይ ጠበቀው።

«ጌታዬ፣ ነገሩ ግልጽ ነው። ሰውየው ሽቦ ይዞ ተቀምጧል፣ ሚስቱ ኮረንቲውን ሰካችበት። ራሷም አልካደችም። እሷን ይዤ ልሂድ።»

«ለምን ቸኮልክ?»

«ጴንጤዎች ናቸው ጌታዬ። ሰው ከተሰበሰበ ልቅሶውን ጉባኤ ያደርጉታል።»

ሻምበሉ ሰዓቱን አየ። «መኪናው አሥር ሰዓት ላይ ይመጣል። ባዶውን አይመለስም። እስከዚያ ግን ማንም አይያዝም። በሩን ዝጋ፤ የሚገባም የሚወጣም አይኑር።»

ሰብሌ ሳሎኑ ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሶኬት ትመለከታለች። ከተጋቡ ስምንት ወራቸው ነው። ከግቢው ክሮች በአብዛኞቹ ላይ የምትዘምረው እሷ ናት፤ አሁን ድምፅዋ ከጩኸት ብዛት ተዘግቶ እንደ ወንድ ጎርንኗል።

«‹ሰኪው› አለኝ፤ ሰካሁት» አለች ሳትጠየቅ። «መቅጃ ክፍሉ ሶኬት የለውም። ገመዱ ከዚህ ተነሥቶ በበሩ ሥር ያልፋል።»

«ምን እያደረገ ነበር?»

«ድምፅ እየፈለገ። ሦስት ሳምንት ሆነው። በቀዳነው መዝሙር ሁሉ ሥር አንድ ነገር ዝዝዝ ይላል። መጀመሪያ የጎረቤት ወፍጮው ነው አለና ከባለቤቱ ከጋሽ ሽኩር ጋር ተጣሉ። እሑድ ወፍጮው ቆሞም ድምፁ አለ። ከዚያ ገመዶቹን ተራ በተራ መቀየር ጀመረ። ሰው በሌለበት ደግሞ ቴፑን ከፍቶ ይወጣና ባዶውን ክፍል ይቀዳል፤ ዝምታ ማለት ነው። ተመልሶ ዝምታውን ቁጭ ብሎ ያዳምጣል። ያመመው ነበር የሚመስለው።»

«ጣቱንስ ለምን አራሰ?»

«እንደዚያ ነው የሚፈትሸው። በቀኝ እጁ ውጪ ካለው ቧንቧ የሚመጣውን የመሬት ሽቦ ይይዛል፤ በግራ አውራ ጣቱ የመቅጃ ማሽኑን ብረት ይነካል። ሲነካው ድምፁ ከጠፋ ሽቦውን ብረቱ ላይ ያስረዋል። ጡት ያልጣለ ሕፃን እያልን እንስቅበት ነበር።»

«እነማን ናችሁ የምትስቁት?»

«እኔ፣ እማዬ፣ አኮርዲዮን የሚጫወትልን ወንድም ፍቅሬ። ጋሽ ሽኩርም አይቶታል።»

«ከሰካሽው በኋላስ?»

«ማይክሮፎኑ ላይ ሲናገር ሰማሁት። ከዚያ ወደቀ። ጮህኩ። ወንድም ፍቅሬ ከጓሮ ሮጦ መጣና ከግድግዳው ነቀለው። እኔን ‹ሩጪ፣ ሽኩርን ጥሪ› አለኝ። እማዬን ‹አፈር ያምጡ፣ ኮረንቲውን ከገላው ይስበዋል› አላት።» ቀኝ እጇን ገልብጣ አየችው። «ሻምበል፣ እኔ ነኝ የገደልኩት?»

ሌላ ሰው ቢሆን ያጽናናት ነበር። «አሥር ሰዓት ላይ እነግርሻለሁ» አላትና ተነሣ።

የጌታሁን እናት ወይዘሮ የሺእመቤት ከውጪ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ሁለት ጥፍሮቻቸው ከሥራቸው ተነቅለዋል፤ የቀሩት ቀይ አፈር ጎርሰዋል።

«አካፋው የት እንደገባ ጠፋኝ። በእጄ ነው የቆፈርኩት» አሉ። «ትንሽ ፈጠን ብል ኖሮ ይተርፍ ነበር?»

«አይተርፍም ነበር። አፈር ኮረንቲ አይስብም፣ እናቴ። እርስዎ ሲቆፍሩ ሞቶ ነበር።»

አሮጊቷ ቃሉን ተቀብለው ዋጡት። ሻምበሉ አጠገባቸው ቆሞ ጠበቃቸው።

«ከልጅዎ ጋር የተጣላ ሰው አለ?»

«ማን ይጣላዋል? ሽኩርም ቢሆን በአፉ ነው። ፍቅሬ ደግሞ ልጄ በሉት። አምና ወንዶቹን ከጸሎት ቤት ሲያፍሷቸው ሁሉም ስድስት ስድስት ወር ታሰሩ። እሱን ታሞ ነበርና በአራተኛው ቀን ለቀቁት፤ ከዚያ ወዲህ እስከ ዛሬ እግሩን ያነክሳል። እህቱ ፅጌም በዚያው ክረምት ሞተችበት። ድምፅዋ የቀረው ጌታሁን ክር ላይ ብቻ ነው። አልፎ አልፎ ይከፍትለታል፤ ያለቅሳል፤ ይሄዳል።» ወደ ግቢው ዞሩ። «እኔ ነኝ የተጣላሁት። ሰሞኑን ስነጫነጭበት ነበር። ዛሬ ጠዋት እንኳ የልብስ ማስጫዬን ፈታብኝ።»

«የትኛውን?»

በአገጫቸው አመለከቱት። ከመቅጃ ክፍሉ መስኮት የምትወጣ የመዳብ ሽቦ ግቢውን አቋርጣ ቧንቧው ላይ ተጠምጥማለች። «ድሮም እዚያው ነበረች። ከሦስት ሳምንት በፊት ከቧንቧው ፈታሁና እንጨቱ ላይ ወጠርኳት፤ ልብስ ለማስጣት ትመቻለች። ዛሬ ጠዋት ድንገት አያትና በሳቅ ፈረሰ። ‹ለካ አንቺ ነሽ፣ እማዬ› ብሎ ሳመኝ፤ ፈትቶ መልሶ ቧንቧው ላይ አሰራት። ምን ማለቱ እንደሆነ አልነገረኝም።»

ሻምበል ገመቹ ገባው። ልጁ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲያሳድደው የኖረውን ድምፅ የለቀቀችው እናቱ ናት። ሽቦዋ ከመሬት ስትለይ ማሽኑ መጮህ ጀመረ። ልጁም ይህን ያወቀው ሊሞት አንድ ሰዓት ሲቀረው ነው። ሻምበሉ ይህን ለራሱ ይዞ ወደ ጓሮ ሄደ።

ጓሮ ውስጥ ፍቅሬ ለለቀስተኛ ሻይ እሳት ያነዳል። አጥንቱ የሚቆጠር የሠላሳ ዓመት ሰው ነው፤ አኮርዲዮኑ በልቅሶ ቀን እንኳ ከትከሻው አልወረደም።

«ዛሬ ልምምድ ነበረን» አለ። «ጌታሁን ሙከራውን እስኪጨርስ እዚህ ቁጭ ብዬ ነበር። ሰብሌ ስትጮህ ሮጥኩ።»

«የነቀልከው አንተ ነህ። ከኮረንቲ ጋር ትዋወቃለህ ማለት ነው።»

«እኔ? እኔ የማውቀው ይህንን ነው» ብሎ አኮርዲዮኑን መታ መታ አደረገ። «ኮረንቲ እፈራለሁ። አምፑል እንኳ ሰው ነው የሚቀይርልኝ።»

«አፈሩንስ ማን ነገረህ?»

«መብረቅ የመታውን ሰው አፈር ያለብሱታል ሲባል ሰምቻለሁ።»

ሻምበሉ አፍንጫውን ወደ እሳቱ ቀና አደረገ። «ምንድን ነው የሚሸተው?»

«እርጥብ እንጨት ነው።»

ከአጥሩ ማዶ ያለውን ወፍጮ የሚያሠራው ሽኩር፣ ቅንድቡ ድረስ ዱቄት ለብሶ፣ ያልተጠየቀውንም ተናገረ። «ተጣልተናል፤ አልዋሽም። ሞተርህን አቁም አለኝ። የሰው እህል ወፍጮው አፍ ላይ ይዤ እንዴት ላቁም? ሰድቤዋለሁ። ልጅቷ ስትመጣ ግን ወፍጮው ላይ ነበርኩ፤ ስድስት ሴቶች ተሰልፈዋል፣ ጠይቃቸው። ስደርስ ፍቅሬ ብቻውን ከሬሳው ጋር ነበር። እትዬ የሺ ገና አፈር በቀሚሳቸው ታቅፈው እየመጡ ነው።»

ሻምበሉ መቅጃ ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ። ሬሳው ወደ ጓዳ ተወስዷል። ገመዱን ሳሎን ካለው ሶኬት በሰው አስሰካና የማሽኑን ብረት በሙከራ አምፑል ነካው። አምፑሉ አልበራም። ሰው የገደለ ማሽን፣ አሁን ጨዋ ሆኖ ተቀምጧል። ላዩ ላይ ያለውን ክር ወደ ኋላ መልሶ ከፈተው። መጀመሪያ ከበድ ያለ ዝዝዝታ መጣ፤ ቀጥሎ የሟቹ ድምፅ።

«ሃያ ሦስተኛ ሙከራ። ገመድ አምስት። ድምፁ ዛሬ ከወትሮው ብሷል፤ ግድ የለም፣ መድኃኒቱን አግኝቼዋለሁ። አሁን ይጠፋል።»

ከዚያ የመውደቅ ድምፅ፣ የሰብሌ ጩኸት፣ የእግር ኮቴ፤ ድንገትም ባዶ። ሻምበሉ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ሰማው። ከዚያ ሰብሌን ጠራት።

«ገመዶቹን በምን ይለያቸዋል?»

«ጥቁር የሽቦ ማሸጊያ ናስትሮ ይጠመጥምባቸዋል። አንደኛው አንድ ቀለበት፣ ሁለተኛው ሁለት። ሲቀዳ ደግሞ ቁጥራቸውን ይጠራል።»

«ቁጥሩን እንደሚጠራ ማን ያውቃል?»

«እኔ ብቻ። ሙከራውን የሚሠራው እኛ ሁለታችን ብቻ ስንሆን ነው።»

ከማሽኑ ጋር የተያያዘው ገመድ ላይ አራት ቀለበት ነበረ።

«ገመድ አምስትስ የት አለ?»

ሰብሌ ጠረጴዛውን፣ ከሥሩም አየች። «ትናንት ማታ እዚህ ነበር። አዲስ ነው፤ ከሌሎቹ የሚለየው ሦስት ሽቦ ስላለው ነው። ሦስተኛዋ ከማሽኑ ብረት ጋር የምትገናኝ ናት አለኝ። ትናንት ልምምድ ላይ ለሁላችንም አሳይቶናል።»

ሻምበሉ ቁም ሣጥኑን ከፈተው። ጌታሁን ቁልፉን በማሰሪያ አድርጎ አንገቱ ላይ ነበር የሚያስረው፤ አሁን ግን ቁልፉ ሣጥኑ ላይ ተሰክቷል። የክር ካርቶኖች በቁጥር ተደርድረዋል። አሥራ ሰባተኛው ባዶ ነው። በጀርባው ላይ በሟቹ እጅ «ፊቱ ፅጌ፣ ጀርባው ዝምታ» ተብሎ ተጽፎበታል።

«ክር ውድ ነው» አለች ሰብሌ። «አንዱ ክር በሁለት በኩል ይቀዳል፤ ገልብጠህ ስታስገባው ሌላ ነው። ፊት ለፊቱ መዝሙር ያለበትን እየገለበጠ ዝምታውን በጀርባው ይቀዳ ነበር።»

ከዚያ ሻምበሉ ሰብሌን፣ ሽኩርንና ፍቅሬን አንድ በአንድ ወደ ክፍሉ አስገባቸው። ማሽኑ በርቷል፤ የሁሉም ሥራ የብረት ክዳኑን ማንሣት ብቻ ነው። ሰብሌ ቢገድላት ደስ እንደሚላት ሁሉ በሁለት እጇ ጨበጠችው። ሽኩር «ወላሂ አልነካም!» ብሎ ወጣ። ፍቅሬ ግራ እጁን ኮቱ ኪስ ከተተ፤ ክዳኑን በቀኝ ጣቶቹ ጀርባ ነካ አደረገና ከዚያ አነሣው።

ሻምበሉ አመሰገነው። ጓሮ ሄዶም በካቻቢቴ አመዱን ገላለጠ።

አሥር ሰዓት ሲሆን ሁሉም መቅጃ ክፍሉ ውስጥ ተሰበሰቡ። ወይዘሮ የሺእመቤት ወንበር ላይ፣ ሰብሌ ከእግራቸው ሥር፣ ሽኩር መስኮቱ ጋ፣ ፍቅሬ አኮርዲዮኑን ታቅፎ ከግድግዳው ጋር። ሃምሳ አለቃ ዱባለ ካቴናውን ይዞ በሩን ሞልቷል። መኪናው ውጪ ሞተሩን አላጠፋም።

«መኪናው ሰብሌን ሊወስድ ነው የመጣው» አለ ሻምበሉ። «ሃምሳ አለቃ እንደሚለው የሰካችው እሷ ናት። የሰካችውስ እሷ ናት። ጥያቄው ምን ሰካች የሚለው ነው።»

አራት ቀለበት ያለውን ገመድ አነሣ።

«ይህ ገመድ ማንንም አይገድልም፤ ዛሬ ሦስታችሁም በዚህ የበራ ማሽን አጠገብ ቆማችኋል። ጌታሁን ግን ከመሞቱ በፊት ‹ገመድ አምስት› ብሏል። የሞተው በአምስት ነው፤ እኔ ያገኘሁት አራትን ነው። ሬሳ ገመድ አይቀይርም። ስለዚህ የቀየረው ገዳዩ ነው።»

«ጅብ ይብላው!» አለ ሽኩር።

«ቆይ። ገመድ አምስት ሦስት ሽቦ አለው። አንድ ሰው ትናንት መሰኪያውን ፈትቶ ኮረንቲ ያለባትን ሽቦ ከሦስተኛዋ ጋር አገናኛት። ቴፑ ይሠራል፤ ብረቱ ግን እሳት ነው። ጌታሁን የመሬቱን ሽቦ በቀኝ እንደሚይዝ፣ ብረቱን በእርጥብ ጣት እንደሚነካ ሁላችሁም ታውቁ ነበር። ወጥመዱ የተሠራው በጣቱ ልክ ነው። ቀሪው የሚሰካ እጅ ነበር፤ እሱም ከቤት ተገኘ።»

ሰብሌ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ገመዱን ለመቀየር ከሬሳው ጋር ብቻ መሆን ያስፈልጋል። ሰብሌ ወደ ወፍጮ ተላከች። እናትየው አፈር እንዲቆፍሩ ተላኩ። ማን ላካቸው?»

ሁሉም ወደ ፍቅሬ ዞረ።

«ደንግጬ ነው!» አለ ፍቅሬ። «ኮረንቲ አላውቅም አልኩህ እኮ!»

«ብለኸኛል። ክዳኑን ስታነሣ ግን አንዱን እጅህን ኪስህ ከተትክ፤ በሌላው ጀርባ ነካህ። ፈሪ ሰው አይነካም፤ ሽኩር አልነካም። አንድ እጁን ደብቆ በሌላው ጀርባ የሚነካ፣ ሽቦ ሲስብ የኖረ ሰው ነው። ኮረንቲ ከእጅ ወደ እጅ በደረት እንዳያልፍ ነው። እኔም የተማርኩት እንደዚያ ነው። እናቴ፣ ይህ ሰው አኮርዲዮን ከመያዙ በፊት ምን ይሠራ ነበር?»

ወይዘሮ የሺእመቤት ቀስ ብለው መለሱ። «ጉለሌ… ለአንድ ጣሊያን የመብራት ሽቦ ይዘረጋ ነበር። ሰባት ዓመት።»

«ስለዚህ አፈር ኮረንቲ እንደማይስብ ያውቃል። እርስዎ ጥፍርዎ እስኪነቀል ሲቆፍሩ፣ እሱ ከልጅዎ አንገት ቁልፍ ይፈታ ነበር።»

አሮጊቷ እጃቸውን አዩና በቀሚሳቸው ሥር ደበቁት።

«ገመድ አምስትን ለሻይ ባነደደው እሳት አቃጠለው። አመዱ ውስጥ ሦስት የመዳብ ሽቦና የመሰኪያ እግሮች አሉ፤ ከቤቱ ገመዶች ባለ ሦስት ሽቦ ያ ብቻ ነው። ግን ከቁም ሣጥኑ ደግሞ ክር አሥራ ሰባት ጠፍቷል። አመዱ ውስጥ የቀለጠ ክር የለም። ገመድ ያቃጠለ ሰው፣ ከገመድ ይልቅ ቶሎ የሚነደውን ክር ለምን ተወው?» ሻምበሉ ባዶውን ካርቶን አነሣ። «በጀርባው የሚያስፈራው ነገር ስላለ መውሰድ ነበረበት። በፊቱ ፅጌ ስላለች ማቃጠል አልቻለም። ለፅጌ ብሎ እጁ የሚያጥረው ደግሞ ከመካከላችን አንድ ሰው ነው። በሩ ከጠዋት ጀምሮ ዝግ ነው፤ ክሩ እዚሁ ነው ያለው። ፍቅሬ፣ ለወንድምህ አንድ መዝሙር ተጫወትለት።»

«አልችልም።»

«ተጫወት።»

ፍቅሬ አኮርዲዮኑን ከፈተው። ዜማው ወጣ። ሻምበሉ ግራ ጆሮውን አዘነበለ። አኮርዲዮኑ በተዘጋ ቁጥር ከሆዱ ውስጥ አንድ ነገር ቋ ይላል።

«ይህንንም ድምፅ ጌታሁን ቢኖር ያሳድደው ነበር» አለ ሻምበሉ፤ አኮርዲዮኑን ተቀብሎም በካቻቢቴ ፈታው። በመሐረብ የተጠቀለለ ክር ወጣ። ጀርባውን አስገብቶ ከፈተው።

ረጅም ዝምታ፣ ሥሩ ዝዝዝታ። ከዚያ በር ተከፈተ፤ የፍቅሬ ድምፅ ሹክ አለ። «ሁሉም ለቅሶ ሄደዋል። እሑድ የሚሰበሰቡት እዚህ ነው። ሃያ ሦስት ናቸው፤ ስማቸውን ልንገርዎ።» ሌላ ድምፅ ቀጠለ። «የቤቱን ባለቤት አሮጊቷንም ጨምራት።» «እሷ እንኳን ትቅር፣ አሮጊት ናት።» «አሮጊት የሚገረፍ እግር የላትም እንዴ?»

ሁሉም ዞረው በሩ ላይ የቆመውን ሃምሳ አለቃ ዱባለን አዩት። ዱባለ አልደነገጠም።

«ሥራዬ ነው» አለ። «የነገውን አፈሳ የፈረሙት ደግሞ እርስዎ ነዎት፣ ጌታዬ።»

«እኔ ነኝ» አለ ሻምበሉ። «ለዚህ አንተንም እኔንም የሚከስ የለም። ነገ ግን እዚህ ቤት የሚመጣው ለቀስተኛ ነው፤ ለቀስተኛ አይታፈስም። ካቴናውን አምጣና ለሰውህ አንተው እሰርለት።»

ፍቅሬ ተንበረከከ። የተናገረው ለሰብሌ ነው።

«እግሬን አራት ቀን ነው የገረፉት፣ እህቴ። በአራተኛው ቀን እሺ አልኩ። ሐሙስ ዕለት ጌታሁን ለብቻዬ ጠራኝ። ክሩን አሰማኝ። አልጮኸብኝም። ‹ለማንም አልተናገርኩም፤ እሑድ በጉባኤ ፊት ራስህ ተናዘዝ› አለኝ። በእነሱ ሁሉ ፊት እንዴት ልቁም?»

«ደንባችን ነው» አሉ ወይዘሮ የሺእመቤት። «የበደለን ሰው መጀመሪያ ብቻውን ነው የምናናግረው።»

«ልጅዎ ለሌላ ሰው ተናግሮ ቢሆን ኖሮ ፍቅሬ እሱን መግደሉ አይጠቅመውም ነበር» አለ ሻምበሉ። «ልጅዎን የገደለው፣ ሰውን ማመኑ ነው።»

እናትየው ዓይናቸውን ወደ ማሽኑ መለሱ። በኋላ አንድ ነገር ትዝ አላቸው። «ያ ድምፅስ? ሦስት ሳምንት የፈለገው… ከምን ነበር?»

ሻምበል ገመቹ በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት መመልከት አቃተው። «ከወፍጮው ነው» አለ።

ሽኩር እሑድ ወፍጮው እንደሚቆም ያውቃል፤ ድምፁ እሑድም እንደነበረ ያውቃል። የሻምበሉን ፊት አየ፣ የአሮጊቷን ጣቶች አየ። «ከእኔው ወፍጮ ነው፣ እትዬ የሺ» አለና አንገቱን ደፋ። «ይቅር በሉኝ።»

ዱባለ ፍቅሬን አስሮ ሊያስነሣው ሲል ሰብሌ ቆመች።

«ሻምበል፣ አሥር ሰዓት ሆኗል። እነግርሻለሁ ብለኸኛል።»

«የሰካው እጅሽ ነው» አለ። «የገደለው እሱ ነው። ሁለቱም እውነት ነው፤ ከሁለቱም ጋር ትኖሪያለሽ።»

ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ፍቅሬ ከመሬት ሆኖ ክሩን ያያል። «ከመሄዴ በፊት አንድ ጊዜ ፅጌን አሰሚኝ» አላት። «ሌላ ምንም አልለምንሽም። ከእንግዲህ አልሰማትም።»

ሰብሌ ክሩን ከማሽኑ አነሣች። የባሏን ሥራ ስምንት ወር አይታለች፤ እጇ አልተሳሳተም። ገልብጣ በፊቱ በኩል አስገባችው። ከውጪ የምትመጣውን የመዳብ ሽቦ አንሥታ፣ ባሏ ጠዋት ያሰባትን ቦታ ፈልጋ፣ የማሽኑ ብረት ላይ አሰረቻት። ከዚያ ማይክሮፎኑን ከፍቅሬ አፍ ፊት አቆመች፤ የመስሚያውን ሳይሆን የመቅጃውን ቁልፍ ተጫነች። ክሩ መዞር ጀመረ።

ፍቅሬ ምን እያደረገች እንደሆነ የገባው ቀይዋ መብራት ስትበራ ነው።

«ሰብሌ! ይጠፋል! በላይዋ ላይ እየቀዳሽ ነው! ድምፅዋ ይጠፋል!»

«አዎ» አለች። «ጩህ። እየገባ ነው።»

ዱባለ ወደ ማሽኑ ተራመደ፤ ሻምበሉ በእጁ ከለከለው። ማስረጃው በጀርባው ነው፤ ፊቱ ለሕግ አይጠቅምም። ፍቅሬ አፉን ለመዝጋት ሞከረ። ዝም ካለም ዝምታው እህቱን እንደሚደመስሳት ሲገባው ግንባሩን ከወለሉ እያጋጨ አነባ። ሰብሌ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ክሩ እስኪያልቅ ሠላሳ ደቂቃ ፈጀ፤ መኪናውም ውጪ ቆሞ ጠበቀ።

ሲያልቅ መልሳ ከፈተችው። ሻምበል ገመቹ ግራ ጆሮውን ወደ ማሽኑ አስጠጋ። የፍቅሬ ልቅሶ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይሰማል፤ ትንፋሹ፣ የጥርሱ መፋጨት፣ ካቴናው ሲንቀጫቀጭ። ዝዝዝታው ግን የለም።

«ጠፍቷል» አለች ሰብሌ፤ ማሽኑንም አጠፋችው።